መዥገር አወጣጥ ላስተማረችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ሰላም ወገኖች። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ለመስቀል ሱሉልታ እናቴ ጋ ከርመን ነበር። የ4 ዓመቷ ልጄ ከጥጆቹ ጋር ሳር ላይ ስትንከባለል ዋለች። ማታ ፀጉሯን ስሠራት ከጆሮዋ ጀርባ እጄ አንድ ነገር ነካ። በስልኬ መብራት ሳየው እግር አለው። መዥገር! ደም ጠጥቶ ምስር አክሏል።

ቤቱ ተተራመሰ። እናቴ ቅቤ ቀቢው አለች፣ አጎቴ ጋዝ፣ ጎረቤት ደግሞ ክብሪት ለኩሰሽ አስጠጊው፣ ራሱ ይለቃል። እኔ በጣቴ ልነቅለው ስል የወንድሜ ሚስት ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ደወለች። ልጅት በዚያ ጨለማ መጣች።

መጀመሪያ ያለችው "ምንም እንዳትቀቡት" ነው። ቅቤውም ጋዙም እሳቱም መዥገሩን ሲያስጨንቀው የሆዱን ወደ ቁስሉ መልሶ ሊተፋ ይችላል አለችን። ጓንት አጠለቀችና ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ አወጣች። ያበጠ ሆዱን አልነካችም፤ ቆዳው ላይ የተሰካውን አፉን ያዘችና ሳትጠመዝዝ፣ ሳትመነጭቅ፣ ቀስ እያለች ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቦታውን በአልኮል ጠረገች። መዥገሩንም በጣት እንዳንጨፈልቀው አስጠንቅቃ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ብብቷን፣ ብሽሽቷን፣ እምብርቷን፣ ከጉልበቷ ጀርባ ሳይቀር ፈተሸች። ብብቷ ስር ተልባ የምታክል ሌላ አገኘች። ይሄኔ ወረንጦውን ለእኔ ሰጠችኝ። "ይቺን አንቺ አውጪያት፣ አዲስ አበባ እኔ የለሁም" አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣች! አፉ ተሰብሮ ቢቀር እንኳ በመርፌ መቆፈር አያስፈልግም፣ ቆዳው ራሱ ቀስ በቀስ ያወጣዋል ብላኛለች።

እናቴ ግርሻ (እየተመላለሰ የሚመጣው ትኩሳት) እንዳይሆን ብላ ስትጨነቅ "እማማ፣ እኛ አገር ግርሻን በብዛት የሚያመጣው የሰውነት ቅማል ነው" ብላ በትሕትና አስረዳቻት። ለእኔ ደግሞ ቀኑን አጽፋኝ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሽፍታ ወይም የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካየሁ ጤና ጣቢያ ወስጄ መዥገር እንደነከሳት እንድናገር አደራ አለችኝ።

አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው ገደማ እንደሚያገለግል ታውቃላችሁ፤ እሷ ግን በማግስቱም በሳምንቱም ደውላ ልጄን ጠይቃለች። ስሟን አትጻፊ ስላለችኝ ትቼዋለሁ። እናንተ ግን ልጆች ይዛችሁ ገጠር ስትሄዱ የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሻንጣችሁ ውስጥም ወረንጦ ይኑር። ሱሉልታ ዙሪያ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ ይህን ካየሽው፦ ዛሬ 3ኛ ሳምንቷን ጨረሰች። ትኩሳት የለ፣ ሽፍታ የለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።