ለእንቁራሪት ቤት የገዛሁት ቴርሞስታት፦ ኢንክበርድ አይቲሲ 308

ዕቃው ኢንክበርድ አይቲሲ 308 ይባላል፤ ዋጋው 35 ዶላር አካባቢ ነው። ሥራው በሴንሰሩ ሙቀቱን እየለካ የሰካችሁበትን ማሞቂያ ማብራትና ማጥፋት ነው። የገዛሁት ልጄ ለምታሳድጋት እንቁራሪት ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን እኔ የምተዳደረው በትልልቅ ሕንፃዎች ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። ስለዚህ ቴርሞስታት አይቼ በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ፤ የማልወድለትንም እነግራችኋለሁ።

እንቁራሪቷ «ዋይትስ ትሪ ፍሮግ» የሚሏት ናት፤ አረንጓዴ፣ ደልደል ያለች፣ ዘሯ ከአውስትራሊያና ከኒው ጊኒ ነው። በደንብ ከተያዘች 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማን ሲቀልባት እንደሚኖር ከወዲሁ ገብቶኛል። ቀን ቀን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትፈልጋለች፤ ማታ ወደ 20 ቢወርድ ግድ የላትም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ሽቦውን ሁሉ ስታይ «እኛ ያለ ማሞቂያ ልጅ አሳድገናል፤ ለጉርጥ ኤሌክትሪክ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ይቺ የቆላ ልጅ ናት» ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን እውነት ነው። እንቁራሪት የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፤ ከአካባቢዋ ነው የምታገኘው። ሲበርዳት የበላችው አይፈጭላትም፤ ከ30 በላይ ሲዘልቅባት ደግሞ ትጎዳለች። ውሃም በአፏ አትጠጣም፣ በቆዳዋ ትመጠዋለች እንጂ።

ችግሩ ሙቀትና እርጥበት የሚጣሉ መሆናቸው ነው። አየር ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው ውሃ ሳይቀንስ የእርጥበቱ መቶኛ ይወርዳል። ጥር ላይ የቤታችን የጋዝ ማሞቂያ ሌት ተቀን ሲሠራ የሳሎኑ እርጥበት 30 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከንፈራችን የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። እንቁራሪቷ የምትፈልገው ደግሞ ከ50 እስከ 70 ነው። በዚህ ላይ ጠንካራ የሙቀት አምፖል ሲጨመር እንቁራሪቷ የምትኖርበት የመስታወት ቤት ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ የሚበቃውን ያህል ብቻ የሚያሞቅ፣ ዋቱ ትንሽ የሆነ ማሞቂያ ይዞ፣ ገንዘቡን በሚቆጣጠረው ዕቃ ላይ ማውጣት ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

የመስታወት ቤቱን የገዛንበት ሱቅ (ስሙን ልተወው) «ጀማሪ ሊጀምርበት የሚችል ሙሉ ዕቃ» ብሎ የሸጠልን ካርቶን ውስጥ የሚለጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍ ነበረ፤ ቴርሞስታት ግን አልነበረውም። ይሄ ለእኔ የሚያስቆጣ ነገር ነው። የማሞቂያ ምንጣፍ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሞቅ ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም አያውቅም። ቤቱ 18 ዲግሪ ቢሆን 28 ቢሆን ለእሱ አንድ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ ከሥር ለጥፉት ይላል። ከሥር ማለት ከአፈሩ በታች ማለት ነው፤ እንቁራሪት ሙቀት ሲበዛባት በተፈጥሮዋ የምትሸሸው ወደ እርጥቡ አፈር ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቃት የጋለ መስታወት ይሆናል። እኔ ከውጭ በኩል፣ ከጎን ግድግዳው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ለጠፍኩት። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ብሎ ይቀራል፤ እሷ እንደፈለገች ትመርጣለች።

ወደ ቴርሞስታቱ ልመለስ። ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ለማሞቂያ፣ አንዱ ለማቀዝቀዣ። በመጀመሪያ ነገር ይሄ ዕቃ ስለ እንቁራሪት ታስቦ አልተሠራም፤ ቢራ በየቤታቸው የሚጠምቁ አሜሪካኖች ማቀዝቀዣቸውን የሚቆጣጠሩበት ነው። የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር (ሞተሩ) ጠፍቶ ወዲያው በመነሳት እንዳይጎዳ የሚጠብቅ የማዘግያ ደቂቃም አለው፤ ይሄንን ሳይ የሙያ ጓደኛ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኛል። ለእኛ ዋናው ግን የልዩነት መጠኑን ራሳችሁ መሙላት መቻላችሁ ነው። እኔ 26 ላይ አድርጌ ልዩነቱን 1 ዲግሪ ሰጠሁት፤ 25 ሲደርስ ያበራል፣ 26 ሲሞላ ያጠፋል። ልዩነቱን ከዚህ ካጠበባችሁት ማሞቂያው በየደቂቃው ሲበራ ሲጠፋ ይውላል፤ ውስጡ ለሚያበራና ለሚያጠፋው ቁልፍ (ሪሌ) ጥሩ አይደለም። ከፍተኛና ዝቅተኛ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው። ሴንሰሩ ትንሽ ቢሳሳት የምታስተካክሉበት ማረሚያም አለው። 110 ቮልት ላይ እስከ 1100 ዋት ይሸከማል፤ ለጥቂት ዋት ምንጣፍ ከበቂ በላይ ነው። የማቀዝቀዣው ሶኬት ላይ በሐምሌ ከመስታወቱ ቤት ክዳን በላይ የሚነፍስ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ሰክቼበታለሁ።

አሁን ወደ አደጋው። ቴርሞስታት የሚያምነው ሴንሰሩን ብቻ ነው። ሴንሰሩ ከቦታው ወጥቶ ወለል ላይ ቢወድቅ «ቤቱ በርዷል» ብሎ ሳያቋርጥ ያሞቃል። ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል፤ እሱም የሚሰማው ያንኑ ሴንሰር ነውና። የማሞቂያው ዋት ትንሽ ይሁን ያልኩት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ተሳስቶ እንኳ ቢበራ የመስታወቱን ቤት ሊያበስል አይችልም። የሴንሰሩን ገመድ ከክዳኑ ጥግ አውርጄ፣ መስታወት ላይ በሚጣበቅ የጎማ መያዣ ምንጣፉ ባለበት ጎን አስሬዋለሁ። ፕላስተር ግን ውስጥ አታስገቡ! የእንቁራሪት ቆዳ ስስና እርጥብ ነው፤ ማጣበቂያው ከያዛት ቆዳዋን ይዞ ነው የሚላቀቀው። የእኛዋ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ መቀመጥ ትወዳለች፤ እርጥብ ሆዷን ስታሳርፍበት ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ፤ ማሞቂያውም ይበራል። ለዚህ የተቦረቦረ የፕላስቲክ ክዳን አበጀሁለት።

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ስለሆኑ፣ ገመዶቹ ሁሉ ሶኬቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደታች ረገብ ብለው መውረድ አለባቸው። በገመዱ ላይ የሚፈስ ጠብታ እዚያ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚል ቁልፍ ያለው ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ) ቢሆን እመርጣለሁ። ቴርሞስታቱ ራሱ ውሃ የሚችል አይደለም፤ ከመስታወቱ ቤት ከፍ አድርጌ ሰቅየዋለሁ።

እርጥበትን ይሄ ዕቃ አይለካም፤ ኩባንያው ለእርጥበት ሌላ መቆጣጠሪያ ይሸጣል፤ እኔ ግን አልፈለግኩትም። እርጥበቱ ሁልጊዜ 70 ላይ ተቸክሎ እንዲቀር አልፈልግማ። ማታ ሲረጭላት ከፍ ይላል፣ ቀን ቀን ወደ 50 ይወርዳል፣ ቆዳዋም አፈሩም ይናፈሳሉ። ሌት ተቀን የረጠበና አየር የማይገባው ቤት የሻጋታና የባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ «ቀይ እግር» የሚባለው የእንቁራሪቶች የባክቴሪያ በሽታም ከዚያ አይርቅም። ብዙዎች ክዳኑን በላስቲክ ጥርቅም አድርገው እርጥበት ያቆያሉ፤ እኔ ግማሹን ብቻ ሸፍኜ ግማሹን ለአየር ተውኩት።

ለመለኪያው ግን አትሳሱ። ከዚያ ካርቶን ጋር የመጣው ባለ ቀስት የእርጥበት መለኪያ ውሸታም ነው። በጨው ፈትኑት፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጋችሁ እርጥብ ጭቃ እስኪሆን ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከመለኪያው ጋር በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ አሳድሩት። በክፍል ሙቀት እዚያ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ነው፣ ይሄ የጨው ጠባይ ነው። የእኛ ባለ ቀስት ከ50 ፈቅ አላለም። በጥቂት ዶላር የተገዛ ዲጂታል ግን 73 አለ፤ እሱን ይዤ ቀጠልኩ።

የሚረጨው ውሃም ጣጣ አለው። በእኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በአብዛኛው በክሎራሚን (ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚሠራ ማከሚያ) ነው። ክሎሪን ቢሆን ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ይበናል፤ ክሎራሚን ግን አይበንም፤ ለዓሣ ቤት የሚሸጠው ማርከሻ ጠብታ ያስፈልገዋል። ውሃ በቆዳዋ ለምትጠጣ እንስሳ ይሄን መዝለል አይገባም።

የማልወድለት? የሚቀበለው አንድ ሙቀት ብቻ ነው፤ የቀንና የማታ ለየብቻ መሙላት አይቻልም። ለእኛ አልከበደንም። የማታውን ለይታችሁ መቆጣጠር ከፈለጋችሁ ሰዓት ያለውን ሞዴል ግዙ። ሲበራና ሲጠፋ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው፤ አልጋ አጠገብ የሚሆን አይደለም። ብርሃን ባለው የሙቀት አምፖል ለምታሞቁ ደግሞ አይመቻችሁም፤ አሠራሩ አብራና አጥፋ ነውና አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ሲጠፋና ሲበራ ይውላል። ለእናንተ የሚሆነው ኃይሉን ቀስ እያለ የሚቀንስና የሚጨምር ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ጠንከር ይላል።