የአፈር እርጥበት መለኪያ ለትልቅ ፊከስ ይጠቅማል ወይ?

ይሄ ሁለት ዘንግ ያለው፣ ከ1 እስከ 10 የሚያሳይ፣ ባትሪ የማይፈልገው መለኪያ ነው፤ ሶስት በአንድ እያሉ የሚሸጡት፣ እርጥበትም ብርሃንም ፒኤችም (የአፈሩን አሲድነት) ይለካል የሚባለው። እኔ የገዛሁት ለእርጥበቱ ብቻ ነው፣ ሳሎን ላለው ፊከስ ቤንጃሚና ለሚባል የቤት ውስጥ ዛፍ፣ ቁመቱ እኔን አልፎኛል።

ፊከስ ያለው ሰው ይገባዋል፣ ውሃ ሲበዛበት ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሲያንሰውም ይረግፋል፣ ቦታ ስትቀይሩት ይረግፋል፣ በመስኮት ብርድ ሲመታውም ያው ነው። ልክ እንደ ጨቅላ ህፃን፣ ራበውም ሆዱን ቆረጠውም ለቅሶው አንድ ነው። ቅጠል ረገፈ ብሎ ውሃ መጨመር ደግሞ ስሩ ታፍኖ እየበሰበሰ ከሆነ ጭራሽ ጨርሶ መግደል ነው። ጣት ብታስገቡ የሚደርሰው ላይ ላዩን ነው፣ ትልቅ ፖት ላይ ላዩ አቧራ ሆኖ ታቹ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ተክል ቢሆን ፖቱን ብድግ አድርጎ በክብደቱ መገመት ይቻላል፣ ይሄን ግን ማን ያነሳዋል ሃሃ።

መለኪያው የጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። ዘንጉን ከፖቱ ጥልቀት ሁለት ሶስተኛው ድረስ አስገብቼ፣ የተለያየ ቦታ እየሰካሁ አያለሁ፣ ላዩ ደርቆ ታቹ 8 ካለ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ታቹም ወደ 3 ወደ 4 ሲወርድ በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ጥግብ አድርጌ አጠጣዋለሁ።

ግን ቁጥሩን ዝም ብላችሁ እንዳታምኑት። እቃው እኮ ውሃ አይደለም የሚለካው፣ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች እርጥብ አፈር ሲነኩ የሚፈጠረውን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ባትሪ የማይፈልገውም ለዛ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ የጠገበ አፈር ጨው ስላለበት ከእውነቱ በላይ እርጥብ ነው ይላል። የዛፍ ቅርፊትና ፐርላይት (ቀለል ያለው ነጭ ጠጠር) የበዛበት ለቀቅ ያለ አፈር ላይ ደግሞ ዘንጉ አየር መሀል ስለሚገባ እርጥቡን ደረቅ ነው ይላችኋል፣ ለፊከስ የባሰው ይሄኛው ነው ምክንያቱም እሱን ሰምታችሁ ደግማችሁ ስታጠጡ ስሩ አለቀለት። ካላመናችሁ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ጨው ስለሌለበት ውሃ ውስጥ ቆሞም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። የሚሻለው የራሳችሁን አፈር ቁጥር መልመድ ነው፣ ባጠጣችሁ ማግስት ስንት ይላል፣ ከሳምንት በኋላስ፣ ልዩነቱን ነው ማየት።

ብርሃኑና ፒኤቹ ቀልድ ነው በቃ። የፒኤቹ መርፌ የትም ልሰካው 7 አካባቢ ተገትሮ ይቀራል። ለብርሃን እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉና ጥላው ጥርት ብሎ ከታየ ይበቃዋል፣ መለኪያ አያስፈልግም።

ሌላው፣ አፈር ውስጥ ሰክታችሁ አትተዉት ዘንጉ ዝጎ ይበላል፣ ለክታችሁ አውጡና ጥረጉት። ድንጋይ ወይም ወፍራም ስር ከነካ አትግፉት፣ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ፖታችሁ ትንሽ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ፣ የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አውጡት፣ አፈር ከተጣበቀበት እርጥብ ነው፣ እኔ ራሴ መለኪያው ሲያጠራጥረኝ በሱ ነው የማረጋግጠው። ልግዛ ካላችሁ ግን ረጅም ዘንግ ያለውን ፈልጉ፣ አጭሩ ለትልቅ ፖት ከጣት ብዙም አይሻልም።