የእንጨት ክላዲንግ (ግድግዳ ከውጭ የሚለብሰው ጣውላ) ሻጩ ዌብሳይት ላይ ያለው ካልኩሌተር፦ ጣውላው ቆንጆ ነው፣ ስሌቱ ግን አጎደለብን

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፣ እሱም ለጣውላው ጥራት እና ስልክ ላይ ላገኘኋት ልጅ ነው። ስንት ጣውላ እንደሚያስፈልግ ለሚያሰላው ካልኩሌተር ብቻ ቢሆን ከ1 አያልፍም ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሌሎች ሻጮች ዌብሳይት ላይ ገብቼ ሳይ ልክ እንደዚህ የሚያሰሉ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ ስሙን ሳይሆን ስህተቱን ነው።

የፊት ለፊት ግድግዳችን 6 ሜትር ከ40 ስፋት እና 2 ሜትር ከ70 ቁመት አለው። አንድ በር አለ 90 ሳንቲም በ2 ሜትር ከ10፣ አንድ መስኮት አለ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ50። ላርች የሚባለውን የዛፍ አይነት እንጨት ነው የመረጥነው፣ በአንድ ጎኑ ምላስ በሌላ ጎኑ ቦይ ያለው፣ እርስ በርሱ እየገባ አግድም የሚመታው አይነት። ካልኩሌተሩ ስፋት አስገባ፣ ቁመት አስገባ፣ በርና መስኮት ቀንስ፣ ጣውላ ምረጥ ይላል፣ ሁሉንም አስገባሁ፣ 13.59 ካሬ ሜትር አለኝ፣ ለብክነት ራሱ 10 ፐርሰንት ጨመረና 103 ሜትር፣ ማለትም ባለ 4 ሜትር ከ20 ጣውላ 25 ፍሬ ብሎ አወጣ። አመንኩት፣ አዘዝኩ።

ጣውላው ሲመጣ በጣም ነው ደስ ያለን። ቀጥ ያለ፣ የተጣመመ የለው፣ ጉጡ ትንሽ፣ በደንብ ታሽጎ ነው የመጣው። በዚህ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ከዛ አናፂው ከታች ጀምሮ እየመታ እየመታ ሄዶ የላይኛው ሁለት ረድፍ ሲቀር ጣውላ አለቀ። 12 ሜትር ከ80 ጎደለ ማለት ነው። መጀመሪያ አናፂው አበላሽቶ መስሎኝ ቁርጥራጩን ሁሉ ሰብስቤ ለካሁ፣ ሰውየው ግን በጣም ጠንቃቃ ነው፣ ምንም ያበላሸው ነገር የለም። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በወረቀት ሰራሁት።

አንደኛው ችግር ስፋቱ ነው። ጣውላው ዳር እስከ ዳር ሲለካ 145 ሚሊሜትር ነው፣ ከዛ ውስጥ ግን 12ቱ ምላሱ ነው፣ እሱ የታችኛው ወይ የላይኛው ጣውላ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ስለሚያብጥ እስከ መጨረሻ ጠቅጥቆ አይመታም፣ 2 ሚሊሜትር ይተውለታል። ስለዚህ አንድ ጣውላ ግድግዳ ላይ በእውነት የሚሸፍነው 135 ሚሊሜትር ነው። ካልኩሌተሩ የሚያካፍለው ለ145 ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች አይደል? በ145 ሲሰላ ለአንድ ካሬ 6.9 ሜትር ጣውላ ይበቃል፣ በ135 ግን 7.4 ሜትር ነው የሚፈልገው። ለብክነት ተብሎ ከተጨመረው 10 ፐርሰንት ውስጥ 7ቱ ገና መጋዝ ሳይነሳ እዚህ አልቋል ማለት ነው። ስታዙ የሚሸፍነው ስፋት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የጣውላው ስፋት ስንት ነው ካላችሁ 145 ነው የሚሏችሁ እና አልዋሹም።

ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም በ135 ቢያሰላው እንኳን 27 ጣውላ ነበር የሚለኝ፣ እኛ በመጨረሻ 29 ነው የጨረስነው። ሁለቱን የበላው ርዝመቱ ነው፣ እኔን በጣም የገረመኝም ይሄ ነው።

ከጣውላው ስር የቆሙት ሞራሌዎች፣ ማለትም ጣውላው የሚመታባቸው ቋሚ እንጨቶች፣ በየ40 ሳንቲሙ ነው ያሉት። ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኘው ደግሞ ሞራሌ ላይ መሆን አለበት፣ አየር ላይ ከተገናኘ ጫፉ የሚመታበት የለውም፣ ይወዛወዛል። 4 ሜትር ከ20 ለ40 ስታካፍሉት እኩል አይሄድም፣ ስለዚህ ዳር የሚነሳው እያንዳንዱ ጣውላ ከላዩ 20 ሳንቲም ተቆርጦ 4 ሜትር ሆነ። 6 ሜትር ከ40 ለመሙላት ከሁለተኛው 2 ሜትር ከ40 ይወሰዳል፣ 1 ሜትር ከ80 ይተርፋል፣ እሱም ሞራሌ ላይ እንዲያርፍ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። ለሚቀጥለው ረድፍ 1 ሜትር ከ60 እና 4 ሜትር ስትደምሩ 5 ሜትር ከ60 ነው፣ 80 ሳንቲም ይጎድላል። በቃ እንዲህ እያለ የሚተርፈው ቁራጭ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይጎድለዋል። በርና መስኮቱ አጠገብ የተወሰነው ገብቷል፣ የቀረው ግን ተከምሮ ቀረ። ካልኩሌተሩ ይሄን ሊያውቅ አይችልም፣ ሞራሌው በስንት ስንት ነው ብሎ አልጠየቀኝማ።

የበሩና የመስኮቱ ቅነሳም ልክ አይደለም። በሩ 2 ሜትር ከ10 ነው፣ ለ135 ስታካፍሉት 15 ረድፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። 15ቱን ረድፍ እሺ ሙሉ ለሙሉ ይቆርጣል፣ 16ኛው ረድፍ ግን በሩ ላይ በግማሽ ስለሚያርፍ ሙሉ ጣውላ አምጥቶ ከስሩ መፈልፈል ነው፣ የተፈለፈለው ለምንም አይሆንም። የመስኮቱም ላይና ታች እንደዛው። ካልኩሌተሩ ግን ያንን ሁሉ በካሬ ቀንሶታል። እኔ ከእንግዲህ ትንሽ መስኮት ጭራሽ አልቀንስም። ጣሪያ ስር ሶስት ማዕዘን ያለው ግድግዳ ያላችሁ ወይም ሰያፍ ልታስመቱ ያሰባችሁ ደግሞ በ10 ፐርሰንት እንዳትሞክሩት፣ ሁሉም ጫፍ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው፣ እኔ ብሆን ከ15 አልወርድም።

አሁን 4 ጣውላ ጎደለ ምን ችግር አለው ጨምሮ ማዘዝ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት። ላርች ፀሐይና ዝናብ ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ብርማ ግራጫ ይሄዳል፣ አራቱ ጣውላ እስኪመጡ 5 ሳምንት ስለፈጀ የተመታው መለወጥ ጀምሯል፣ አዲሶቹ ደግሞ ቀላ ያሉ ናቸው። ጊዜ ያስተካክለዋል እንዳንል የጎደለው የላይኛው ሁለት ረድፍ ነው፣ እሱ ደግሞ የጣሪያው ክፈፍ ስር ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም እንደታችኛው አያገኘውም፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ከመንገድ ላይ ቆሜ ሳየው መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ስልክ የደወልኩት በዚህ ንዴት ነው። ያነሳችው ልጅ አልተከላከለችም፣ ረድፉን ቁጠርልኝ አለችኝ፣ ቀጥላ የጠየቀችኝ ሞራሌው በስንት ስንት ነው ብላ ነው። የኋላው ግድግዳ ገና እንዳልተሰራ፣ ልኩ አንድ አይነት ሆኖ በርም መስኮትም እንደሌለው ስነግራት ባለ 4 ሜትር ከ80 እዘዝ አለችኝ። ለምን ስላት እዛው ስልክ ላይ ሰራችው፦ 4 ጣውላ 19 ሜትር ከ20 ነው፣ 3 ረድፍም 19 ሜትር ከ20 ነው። አንደኛው ረድፍ 4.80 እና 1.60፣ ሁለተኛው 3.20 እና 3.20፣ ሶስተኛው 1.60 እና 4.80፣ መገናኛው ሁሉ ሞራሌ ላይ ያርፋል። ይሄን የምታውቅ ሰው እያለቻቸው ካልኩሌተሩን ለምን እሷን አስጠይቀው እንዳልሰሩት አልገባኝም።

ሚስማሩንም አሰላችልኝ፣ 17 ሞራሌ በ20 ረድፍ፣ ጣውላው ሞራሌ ላይ በሚያርፍበት ሁሉ ሁለት ሁለት፣ ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ በሚገናኝበት አራት፣ 720 ፍሬ፣ እሱም ስቴንለስ መሆን አለበት አለችኝ። ላርች ላይ ተራ ሚስማር ከተመታ ከእንጨቱ አሲድ ጋር ተያይዞ ጥቁር እድፍ ያወርዳል፣ ዌብሳይቱ ላይ ስለዚህም ምንም የተጻፈ የለም።

ለኋላው 20 ረድፍ 27 ጣውላ ይበቃል፣ 2 መጠባበቂያ ጨምሬ 29ኙንም በአንድ ጊዜ አስመጣሁ፣ ከአንድ ዙር እንዲሆን አደራ ብዬ። አናፂው መገናኛው ደረጃ እንዳይመስል የረድፎቹን ቅደም ተከተል እያቀያየረ መታው። ትላንት ነው የጨረሰው፣ ሁለቱ መጠባበቂያ እና አንድ 1 ሜትር ከ60 የምትሆን ቁራጭ ናቸው የተረፉት፣ ወደፊት የሚሰነጠቅ ካለ ብዬ ግድግዳው ላይ አስደግፌያቸዋለሁ፣ ቀለማቸው አብሮ እንዲለወጥ።