ዓኮ፦ የ1191 እና የ1291 ከበባ

ዓኮ ዛሬ በሰሜን እስራኤል ያለች የወደብ ከተማ ናት። መቶ ዓመት በሚራራቁ ሁለት ከበባዎች ወድቃለች፤ አወዳደቋ ግን ለየቅል ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው በ1189 ተጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። መስቀል ጦረኞች፣ ማለትም ከአውሮፓ የመጡ ክርስቲያን ተዋጊዎች፣ በሙስሊሙ ሱልጣን በሳላዲን ሰዎች የተያዘችውን ከተማ ከበቡ፤ ሳላዲን ደግሞ ከኋላ መጥቶ እነሱኑ ከበባቸው። ረሃቡ ከግንቡ ውስጥም ከውጭም ገባ። ባሕሩ በመስቀል ጦረኞቹ መርከቦች ሲዘጋ፣ ዒሳ የሚባል ዋናተኛ ሌሊት በመርከቦቹ ስር እየጠለቀ ደብዳቤና ወርቅ ያስገባ ነበር። አንድ ሌሊት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከቀናት በኋላ ማዕበሉ ሬሳውን ወደ ዳር አወጣው፤ ወርቁና ደብዳቤው አብረውት ነበሩ። ሞቶም አደራውን አደረሰ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ከተማዋ በጁላይ 1191 እጅ ሰጠች። በወሩ ከመስቀል ጦረኞቹ መሪዎች አንዱ የነበረው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ 2,700 ያህል ምርኮኞችን አስገደለ። ስለ ጀግንነቱ ሲወራ ይሄ መዘለል የለበትም።

በ1291 ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ከተማዋን የያዙት መስቀል ጦረኞቹ ሲሆኑ፣ ከባቢው የግብፁ ሱልጣን አል አሽረፍ ኸሊል ነው። ግዙፍ ድንጋይ ወርዋሪዎቹና ከግንቡ ስር የሚቆፍሩት ሰዎቹ ሥራውን በስድስት ሳምንት ጨረሱት። ባሕሩ ግን ክፍት ነበር። የቆጵሮሱ ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊ በመርከብ መጣ፣ በመርከብም ሄደ። ተራው ሕዝብ ወደብ ላይ ሲጋፋ መርከቡ አልበቃውም።