የክንድ ግፊት መለኪያ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ኦርጂናሉ ምን ያሳያል፣ ፎርጂዱ የት ይያዛል

ይህ ግምገማ ክንድ ላይ ታስሮ በራሱ የሚነፋ፣ በአራት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ እስከ በልግ ድረስ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ኦርጂናሉ ያወጡበትን ብር አያስቆጭም። አስቸጋሪው ለይቶ መግዛቱ ነው። ፎርጂድ ጫማ በሁለት ወር ተቀዶ ራሱን ያጋልጣል፤ ፎርጂድ የግፊት መለኪያ ግን ሳይበላሽ ዓመት ሙሉ የውሸት ቁጥር ሲያሳይ ሊኖር ይችላል። ግፊቱ 165 የሆነ ሰው በየጠዋቱ 122 እያየ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል።

ማሽኑ እንደ ሐኪም በጆሮ አያዳምጥም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ፣ ካፉን፣ ከላይኛው ግፊት በላይ ይነፋና አየሩን ቀስ በቀስ ሲለቅ የደም ሥሩ የሚፈጥረውን ንዝረት በሴንሰር ይቀበላል። አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ እየነፋ ሳለ ነው የሚለካው። ንዝረቱ የሚበረታበት ቦታ አማካይ ግፊቱን ይናገራል፤ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር ግን ከዚያ በስሌት የሚወጡ ናቸው። ፎርጂዱም ፓምፕ አለው፣ ሴንሰር አለው፣ ይነፋል፣ ያነፍሳል። የሚጎድለው ሰው ላይ የተፈተነ ስሌት ነው። አይኤስኦ 81060-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሽኑ ቢያንስ 85 ሰው ላይ ተፈትኖ፣ ከባለሙያ ልኬት ጋር ያለው አማካይ ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህን ያለፈ ማሽን መግዛት ነው እንግዲህ ዓላማው። የሳጥኑ ማማር፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የሚናገር ድምፅ መኖሩ ስለ ስሌቱ የሚሉት ነገር የለም።

ደሴ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ይግዙት፣ ኮምቦልቻ ካለ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ከባቲ ሰኞ ገበያ ወይም ከቴሌግራም፣ መጀመሪያ ማሽኑን ገልብጠው ሆዱን ይዩ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ስም ማንም ያትመዋል። ሆዱ ላይ ባለው መለያ ግን የሞዴል ቁጥር መኖር አለበት፤ ለምሳሌ የጃፓኑ አምራች የኦምሮን ኤም 2 አንዱ ዓይነት ኤችኢኤም 7121 ይባላል። ይህን ቁጥር ከነፊደሉ በስልክዎ ስትራይድ ቢፒ የተባለው ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። ድርጅቱ ከዓለም አቀፍ የደም ግፊት ማኅበራት ጋር የሚሠራ ሲሆን በፈተና ያለፉ መለኪያዎችን በሞዴል ቁጥር መዝግቦ በነፃ ያሳያል። በስም ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ አንድ አምራች ያለፈም ያላለፈም ሞዴል ሊኖረው ይችላል። የሞዴል ቁጥር ጨርሶ ከሌለው እዚያው ይመልሱት።

ቀጥሎ የሲኢ (CE) ምልክቱ ነው፤ ዕቃው የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚል ምልክት ነው። የግፊት መለኪያ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ አምራቹ በራሱ ፈቃድ ብቻ ሲኢ ሊለጥፍበት አይችልም፤ ያረጋገጠው ተቋም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ከምልክቱ ጎን መኖር አለበት። ኦምሮን ላይ 0197 ነው። ብቻውን የቆመ ሲኢ መጫወቻ ላይም አለ።

ሦስተኛው ሴሪያል ቁጥሩ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የሳጥኑና የማሽኑ ሴሪያል አንድ መሆን አለበት። ኦምሮን ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበት ዓመት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ወሩ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰባተኛው አኃዝ ላይ ሳይደርሱ 17ኛ ወር የሚል ነገር ካገኙ ነገሩ አልቋል። ሻጩ ሌላ ሳጥንም እንዲያወጣ ይጠይቁ። የሁለቱ ሳጥን ሴሪያል አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ፎርጂድ ናቸው፤ አታሚው ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር ለማተም አይደክምም። በወላሂም በማርያምም ቢምሉልዎት ሴሪያሉ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ ይበሉ። ይህን የማይወድ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል።

ከዚያ የሃይላንድ ፈተና አለ። ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውኃ ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ፤ ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከመካከለኛ ክንድ ጋር ይቀራረባል። ካፉን ጠበቅ አድርገው ጠምጥመው ማስነሻውን ይጫኑና እጅዎን ያንሡ። ጠርሙስ የልብ ምት የለውም፣ ስለዚህ ጤነኛ ማሽን ነፍቶ፣ ፈልጎ፣ የስሕተት ምልክት ያሳያል። 117 በ 78፣ ምት 74 ብሎ ከጻፈልዎት ግን የሚያሳየው ከሰውነት የተለካ ነገር አይደለም። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ንዝረቱ ሊያሳስተው ስለሚችል ማንም እንዳይነካው። ደግሞ አንዴ ይበቃል፤ ብዙ ማንዋሎች ካፉ ክንድ ላይ ሳይታሰር መንፋትን ይከለክላሉ፣ ባዶውን ከተነፋ ውስጡ ያለው ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

ጠርሙሱን ያለፈ ማሽን ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የልብ ምት ቁጥሩን ለማጣራት አንጓዎ ላይ በጣት ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረው ያመሳክሩ። የሚፈቀደው ስሕተት 5 በመቶ ነው፤ 80 ቢቆጥሩ ማሽኑ ከ76 እስከ 84 ማለት አለበት። ከዚያ ደረጃ ወጥተው ወርደው ይድገሙት፤ ምቱ ከፍ ማለት አለበት። ግፊቱን ደግሞ አምስት ደቂቃ አርፈው ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ትተው ይለኩ። የአምስት፣ የስምንት ልዩነት የሰውነት ጠባይ ነው። ሦስቴም ያለ ንቅናቄ አንድ ቁጥር መምጣቱ ከመራራቁ ባልተናነሰ ያጠራጥራል።

የመጨረሻው ዳኛ ጤና ጣቢያ ነው። ማሽኑን ይዘው ይሂዱና ነርሷን «እህቴ፣ እባክሽ ከዚህ ጋር አስተያይልኝ» ይበሉ። በአንድ ክንድ ላይ መጀመሪያ ማሽኑ፣ ከዚያ ነርሷ በጆሮ፣ እንደገና ማሽኑ፣ እንደገና ነርሷ፣ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ። የላይኛው ቁጥር አማካይ ልዩነት እስከ 5 ከሆነ በልበ ሙሉነት ይጠቀሙበት። ከ6 እስከ 10 ከሆነ ሌላ ቀን ይድገሙት። ከ10 ካለፈ መድኃኒት የሚታዘዝበት ቁጥር ከዚያ ማሽን አይውጣ። የነርሷ መለኪያ ባለ መርፌ ከሆነ፣ ሳይነፋ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ወድቆ የተዛባ ብዙ አለ። ይህ ማስተያየት በየዓመቱ ቢደገም ጥሩ ነው።

የእኛው ማሽን ይህን ሁሉ አልፏል፤ ወራቱ ያሳዩት ደካማ ጎኑ ካፉ ነው። ልጥፉ በአቧራና በጋቢ ክር እየተሞላ መያዙን ላላ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲጸዳ ተመለሰ። ቱቦው ከማሽኑ የሚወጣበት ቦታ ላይ ታጥፎ መቀመጥ አይወድም። ማሽኑ ከመጠን በላይ ደጋግሞ እየነፋ ስሕተት ካሳየ፣ ከማሽኑ በፊት የሚጠረጠረው ያ መጋጠሚያ ነው፤ አየር ያስወጣል። መለዋወጫ ካፍ ሲገዙ የራሱ አምራች የሠራውን ያድርጉ፤ ስሌቱ የተፈተነው ከዚያ ካፍ ጋር ነው። ልኩም ወሳኝ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር በትከሻና በክርን መሃል ያለውን የክንድ ዙሪያ ይለኩ። ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር የሚለው ካፍ የብዙውን ሰው ክንድ ይይዛል፤ ከ32 ለበለጠ ክንድ ትልቁ ያስፈልጋል፤ ጠባብ ካፍ ግፊትን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳያል። ለቀጭን ክንድ የሰፋ ካፍ ደግሞ ያሳንሰዋል። ገጠር ለሚኖሩ ቀጫጭን ሽማግሌዎች ማሽን ገዝቶ የሚልክ ልጅ ይህን ሳያውቅ ነው የሚገዛው።

ማንዋሉ መጨረሻ ላይ ማንም የማያነበው ገጽ አለ፤ ለወሎ ሰው ግን ይመለከተዋል። የሥራ ሙቀት ከ10 እስከ 40 ዲግሪ፣ የአየር ግፊት እንደ ሞዴሉ ከ800 ወይም ከ700 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል ይላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 750 አካባቢ ነው፤ 800 የሚል ማሽን ደሴ ላይ ከተጻፈለት ወሰን ውጭ ይሠራል፤ 700 የሚለው ግን ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ለጥቂት ታልፋለች። ሴንሰሩ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ በከፍታው ምክንያት ቁጥሩ በቀጥታ አይዛባም፤ አምራቹ ግን ከወሰኑ ውጭ ኃላፊነት አይወስድም። ምርጫ ካለ 700 የሚለው ይወሰድ። ከሳስ ያለ የተቀዳ ማንዋል ብዙ ጊዜ ይህ ገጽ ይጎድለዋል፣ ያም ራሱ ምልክት ነው።

ቅዝቃዜው ግን በግልጽ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ማሽኑ መስኮት ሥር ካደረ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሰውም ሥር በብርድ ይኮማተርና ቁጥሩን ያወጣዋል። ማሽኑን መኝታ ክፍል ያሳድሩ፣ ሰውየው ጋቢውን እንደደረበ ክንዱን ብቻ ያውጣ። በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ እጅጌ ተጠቅልሎ ክንድ ካነቀም አይሆንም። ባቲ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተው።

ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ በረካው እስኪደርስ ከተቀመጡማ ሰዓቱን ከመጨረሻው ስኒ ይቁጠሩ። ጫት ለሰዓታት ግፊትና ምት ከፍ ስለሚያደርግ የበርጫ ከሰዓት የተለካ ቁጥር ለሐኪም አይወሰድ።

ድንጋይን በተመለከተ፣ ርካሹ ድንጋይ ሪሞት ላይ ይበቃል፣ ፓምፕ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል፤ አልካላይን የሚለውን ይግዙ። አዳፕተር ግን አንመክርም። ማሽኑ 6 ቮልት ይፈልጋል፤ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የራውተር 9 ወይም 12 ቮልት የሰካ ሰው ቦርዱን ያቃጥላል። ፎርጂድ አዳፕተር ደግሞ ከመብራቱ በቅጡ ያልተነጠለ ሊሆን ይችላል፣ ሌላኛው ጫፉ የሰው ክንድ ላይ ነው። መብራት ሄዶ በሚመለስበት ከተማ ድንጋዩ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀሙ አውጡት፣ ያፈስሳል።

ከዚህ ዕቃ ጎን የሚሸጡ ሌሎችም አሉ። የጣት ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበት ማንም ይሥራው፣ አይግዙ፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 እንዲህ ያለ ምንም ሰዓት እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል። በእጅ መዳፍ ይዘው በአንድ ደቂቃ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ቫይታሚን ሁሉ የሚያነቡበት ሳጥን ደግሞ ኦርጂናል የሚባል የለውም፣ ሁሉም ያው ውሸት ነው። የእጅ አንጓ ግፊት መለኪያ ግን እውነተኛ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም እጅ ከልብ እኩል ካልሆነ ስለሚሳሳት ለአዛውንት አይመችም።

ከጤና ጣቢያው በፊት ቤት ለሚለኩ፦ ሰባት ቀን፣ ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉና የቀረውን ያማክሉ። ቤት ውስጥ 135 በ 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ማሽኑ የሚያጠራጥር ሆኖ ካገኙት፣ ሳጥኑንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ሻጩ ዘንድ ይመለሱ፤ ከዚያ ያለፈው ጉዳይ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482። ሲደውሉ ሆዱ ላይ ያለውን የሞዴልና የሴሪያል ቁጥር ፎቶ አጠገብዎ ይያዙ።