የክሩዝ እራት ሰዓት ምርጫ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ወኪል አትክፈሉ

ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሳይመለሱ በነሐሴ ወር ቤተሰብ ሰብስባችሁ ከማያሚ ወይም ከሌላ ወደብ በክሩዝ መርከብ ለመጓዝ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ለጉዞ ወኪላችሁ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ እኔና ባለቤቴ፣ ልጆቻችን፣ የባለቤቴ እናትና የሁለት ወንድሞቼ ቤተሰቦች በድምሩ 13 ሆነን አምስት ክፍል ይዘን ለሰባት ሌሊት ወደ ካሪቢያን ተጓዝን። ጉዞውን ያዘጋጀልን አማርኛ ተናጋሪ የጉዞ ወኪል፣ የትኬቱ ሒሳብ ካለቀ በኋላ ደውሎ፣ ለአንድ ሰው 40 ዶላር ብንጨምር የእራት ሰዓታችንን ከቋሚው ወደ «ፍሌክሲብል» (ክፍት ሰዓት) እንደሚያሻሽልልን ነገረን። «በፈለጋችሁበት ሰዓት ገብታችሁ፣ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ፤ ቋሚው ሰዓት እኮ እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት ደወል ነው» ያለኝን አልረሳውም። እኛም አምነን 520 ዶላር ላክን። መርከቡ ላይ ከወጣን በኋላ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ የሰማሁት መልስ ግን አጭር ነበር፤ ይህ ምርጫ አይሸጥም፣ ለማንም ተሳፋሪ በነጻ የሚሰጥ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሜ ብረዳ ኖሮ ይህ ባልደረሰብን ነበር። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ያለው ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ተሳፋሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያስተናግድም፤ ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ እራት በሁለት ዙር ይቀርባል። የመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ5:30 እስከ 6:00 ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው ደግሞ 8:00 ወይም 8:15 አካባቢ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው፤ በቤታችሁ በሀገር ቤት ሰዓት የሚቆጥሩ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ቋሚ ሰዓት የመረጠ ሰው ጉዞው እስኪያልቅ በየምሽቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው አስተናጋጅ ይስተናገዳል። ክፍት ሰዓት የመረጠ ደግሞ አዳራሹ ክፍት በሆነበት ጊዜ መጥቶ፣ ወይም በመርከቡ አፕ ቀጠሮ ይዞ፣ የተገኘለት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከክሩዝ ኩባንያዎቹ መካከል ካርኒቫል ይህን ክፍት ሰዓት «ዩር ታይም»፣ ሮያል ካሪቢያን «ማይ ታይም» ይሉታል፤ ኖርዌጂያን ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፍሪስታይል» ባለው አሠራሩ ቋሚ ሰዓትን ጨርሶ ትቶታል። ስሙ ይለያይ እንጂ የዋናው አዳራሽ ምግብ በሁለቱም መንገድ በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች የሰዓት ምርጫን ከክፍሉ የዋጋ ደረጃ ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ግን በኩባንያው በራሱ የዋጋ ዝርዝር ላይ በግልጽ ይሰፍራል እንጂ በወኪል የስልክ ጥሪ አይመጣም። ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ልዩ ምግብ ቤቶችም በየመርከቡ አሉ፤ ለእነሱ የሚሸጠው «ዳይኒንግ ፓኬጅ» እውነተኛ ግዢ ስለሆነ ከዚህኛው ጋር እንዳታምታቱት፣ ሌላ ሰውም እንዳያምታታባችሁ ተጠንቀቁ።

ቲፕም (ለመርከቡ ሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ) በእራት ሰዓት ምርጫ ይለያያል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። በአሁኑ ወቅት በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ለመደበኛ ክፍል በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ በሒሳባችሁ ላይ ይታሰባል፤ ቋሚ ሰዓት ስለመረጣችሁ አይቀንስም፣ ክፍት ስለመረጣችሁም አይጨምርም።

ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ የማይመለሰው የመጀመሪያው ምሽት ነው። የባለቤቴ እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእራት ጥቂት ቀደም ብለው ነው። እኛም «በፈለግነው ሰዓት» የሚለውን ቃል አምነን፣ 12 ሰዓት ላይ እንደምንበላ ነግረናቸው መድኃኒቱን ወሰዱ። ወደ አዳራሹ ስንወርድ ወረፋው ከበሩ ተነሥቶ አሳንሰሮቹ ድረስ ደርሷል። በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ስማችንን በታብሌቷ መዝግባ፣ ለ13 ሰው የሚሆን ጠረጴዛ እንደሌለ፣ ከተከፋፈልንም 45 ደቂቃ ያህል መጠበቅ እንዳለብን ነገረችን። እማማ ደረጃው አጠገብ ካለ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሲሰበስቡ ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ባለቤቴ እየሮጠች ወደ ላይኛው ፎቅ ቡፌ ወጥታ የብርቱካን ጭማቂ አመጣችላቸውና በእግዚአብሔር ቸርነት ተረጋጉ። በመጨረሻ ስማችን ሲጠራ ሰባታችን በአዳራሹ አንድ ጫፍ፣ ስድስታችን በሌላው ጫፍ ተቀመጥን። ከእኔ ቦታ ሆኜ ወንድሞቼን ማየት አልችልም ነበር። ለዚህ ነበር 520 ዶላር የከፈልነው።

በማግሥቱ ጠዋት የአዳራሹን ኃላፊ አግኝቼ ወደ መጀመሪያው ቋሚ ዙር እንዲያዛውረን ለመንኩት። ሰውዬው ትሑት ነበር፤ ነገር ግን በነሐሴ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ሁሉ ያንን ዙር ስለሚፈልግ ከወራት በፊት እንደሞላ አስረዳኝ። ሁለተኛው ዙር ክፍት ነበር፤ ያ ደግሞ ለእማማም ለትንንሾቹ ልጆችም የማይሆን ሰዓት ነው። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባን፤ ተራው ሳይደርሰን ጉዞው አለቀ። ቋሚ ሰዓት ይዞ ወደ ክፍት መቀየር ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ከክፍት ወደ መጀመሪያው ቋሚ ዙር መግባት ግን በተለይ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት እጅግ ከባድ ነው። ወኪሉ ይህን ያውቃል፤ ለእኛ ተይዞልን የነበረውን የመጀመሪያ ዙር በእጁ አስለቅቆ፣ በሌላው ላይ ገንዘብ ተቀበለበት።

ጾምን በሚመለከት ደግሞ ይህን ለኦርቶዶክስ ወገኖቼ ለብቻው ልጻፍ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የብዙዎቻችን ዕረፍትም በዚያው ሳምንት ይውላል። በመርከብ ላይ የጾም ምግብ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ይመጣላችኋል፤ «ቪጋን» ብላችሁ መናገር አለባችሁ፤ ጉዞውን ስታስይዙም በልዩ ምግብ ጥያቄነት እንዲመዘገብላችሁ አድርጉ። እኛ በየምሽቱ ሌላ ጠረጴዛ፣ ሌላ አስተናጋጅ ስለሚደርሰን ጉዳዩን በየምሽቱ ከሀ ጀምረን እናስረዳ ነበር። በሁለተኛው ምሽት አይብ የተነሰነሰበት ላዛኛ፣ በሦስተኛው ደግሞ ክሬም የገባበት የእንጉዳይ ሾርባ ቀረበልን። እማማ ማንኪያውን አንሥተው ካሸተቱ በኋላ ሳይናገሩ መልሰው አስቀመጡት፤ ያን ዕለት እራታቸው ዳቦና ሰላጣ ሆነ።

በዚያው መርከብ ላይ ከቨርጂኒያ የመጣ አንድ ሐበሻ ቤተሰብ ተዋወቅን። እነሱ ምንም ሳይከፍሉ የመጀመሪያውን ቋሚ ዙር ይዘዋል። አስተናጋጃቸው በየምሽቱ እራት ሲያበቃ የነገውን የምግብ ዝርዝር አምጥቶ ያስመርጣቸዋል፤ ወጥ ቤቱም በማግሥቱ ወተትና ቅቤ የሌለበትን ለይቶ ያዘጋጃል። በሦስተኛው ቀን ሳይጠይቁት የምስር ሾርባ ይዞ እንደጠበቃቸው እናትየው ስትነግረኝ፣ ስለ ቋሚ ሰዓት የተነገረኝ ሁሉ ምን ያህል የተገለበጠ እንደነበር ገባኝ። ደወል የተባለው ነገር፣ ጾመኛና ሕመምተኛ ላለበት ቤተሰብ ትልቁ ጥቅም ነው፤ የሚያውቃችሁ አስተናጋጅና የሚጠብቃችሁ ጠረጴዛ አለ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር የሚመርጡ ሰዎች ከእራት በኋላ ለሚቀርበው የቲያትር ትርኢትም በጊዜ ይደርሳሉ።

ክፍት ሰዓት ለማንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ለሁለት ሆነው የሚጓዙ ባልና ሚስት፣ አመሻሽተው መብላት የሚወዱ ወጣቶች፣ ወይም ወደብ ላይ ረጅም ጉብኝት የያዙ ሰዎች ሊመቻቸው ይችላል። ወደብ ላይ ሰዓት ሊያሳስት እንደሚችልም ልብ በሉ፤ ለምሳሌ በነሐሴ የሜክሲኮዋ ደሴት የኮዙሜል ሰዓት ከማያሚው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስልካችሁ ራሱን ሲቀይር መርከቡ ሰዓቱን ካልቀየረ፣ 5:00 ነው ብላችሁ ስትዝናኑ እራታችሁ ተጀምሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመርከቡ መነሻ ሰዓት ሊያልፋችሁ ይችላል። የምትመሩት በመርከቡ ሰዓት ይሁን።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልምጣ። ወኪሉ የላከላችሁን መልእክት ወይም እሱ ራሱ የጻፈውን ደረሰኝ እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሩት፤ ከመርከብ ኩባንያው በስማችሁ የወጣውን የማረጋገጫ ወረቀት እንዲልክላችሁ ጠይቁ። በዚያ ወረቀት ላይ የቦታ ማስያዣ ቁጥራችሁ፣ የክፍላችሁ ዓይነትና የእራት ሰዓታችሁ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ወረቀቱን ያየሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ በእራት ምርጫው ፊት ለፊት የተጻፈው ዋጋ ዜሮ ነበር። ቁጥሩን ይዛችሁ በኩባንያው ድረ ገጽ ገብታችሁ ራሳችሁ ማየትም ትችላላችሁ። ከአንድ በላይ ክፍል የያዘ ቤተሰብ ደግሞ የክፍሎቹ ቁጥሮች እርስ በርስ እንዲያያዙ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አንድ ጠረጴዛ የሚያስገኘው ይህ ማያያዝ ነው። የእኛን አምስት ክፍሎች ማንም አላያያዛቸውም ነበር፤ ለመርከቡ አምስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ነበርን። በወኪል የተያዘን ጉዞ በሚመለከት ኩባንያው ብዙውን ጊዜ «ወኪላችሁን ጠይቁ» ብሎ ስለሚመልስ፣ ይህን ሁሉ ገና የወኪሉ እጅ ገንዘባችሁን በሚጠብቅበት ጊዜ ጨርሱት።

አከፋፈላችሁንም አስቡበት። የጉዞውን ዋጋ በክሬዲት ካርድ ስንከፍል፣ ያን 520 ዶላር ግን ወኪሉ በዜል (ገንዘብ ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በሚላክበት አገልግሎት) እንድንልክለት ጠየቀንና ላክን። ባንኩ ገንዘቡን ራሴ ፈቅጄ የላክሁት መሆኑን ጠቅሶ ሊመልስልኝ አልቻለም። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ያልተሰጠኝን አገልግሎት ጠቅሼ ክፍያውን ለመቃወም ሕጋዊ መንገድ ነበረኝ። በተጨማሪም ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ዋሽንግተን ስቴት ጉዞ የሚሸጥ ሰው በመንግሥት እንዲመዘገብ በሕግ ያስገድዳሉ፤ ወኪላችሁ በእነዚህ ግዛቶች የሚሠራ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ፣ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል የስልክ መልእክቶቹን፣ የዜሉን ማስረጃና የኩባንያውን ወረቀት አያይዤ አቤቱታ አቅርቤያለሁ። ወኪሉ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ «የአገልግሎት ክፍያ ነው» በሚል ምክንያት 200 ዶላር ብቻ መለሰልን፤ በቀሪው 320 ዶላር ላይ ጉዳዩ አልተዘጋም። ተመሳሳይ ክፍያ በክሬዲት ካርድ የፈጸማችሁ ካላችሁ፣ የሒሳብ ስሕተትን በጽሑፍ ለመቃወም የተሰጣችሁ ጊዜ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ መግለጫውን ዛሬ አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ።