ሬዲዮ ወይስ ቴሌግራም?

እኔ ቴሌግራም፣ አባቴ ሬዲዮ። ሐረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ቢዘጋ ፎቶው በደቂቃ ይደርሰኛል። ችግሩ፣ ፎቶው የአምና ሊሆን ይችላል! ስንቴ ተሸውጃለሁ መሰላችሁ።

አባቴ ማታ የጀርመን ድምፅን ይከፍታል። ጣቢያው በአማርኛ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ዜናው ይዘገያል፤ ለመንገድ ወሬ ጭራሽ አይሆንም። ለአገር ጉዳይ ግን እኔም እሱን ነው የማምነው።

ደግሞ ኅዳር 2014ን አልረሳም። ደሴ በጦርነቱ ተይዛ ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። ስልኬ ተራ ዕቃ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ የአባቴን ሬዲዮ ከበበ። ዜናው ሲያልቅ ወዲያው ያጠፋታል፣ ድንጋዩ እንዳያልቅ። ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ድንጋይ አይጠፋም።